ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ ምን እናንብብ? ለክርስቲያን አንባብያን የተሰጠ ምክር



ማንበብ የተማረ ሰው አዲስ በር ተከፍቶለታል። ነገር ግን በተከፈተ በር ወዳጅም ሌባም ይገባል። ስለዚህ በትምህርት ቤት ያሉ ልጆቻችን፥ በመሥሪያ ቤትና በሱቅ የሚውሉ ወንድሞቻችንም፥ «ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ የትኛውን መጽሐፍ ብናነብ ይጠቅመናል?» ብለው ሲጠይቁ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ለሆዱ መርጦ የሚበላ ሰው ለልቡ ሳይመርጥ ሊቀር አይገባውም። በዚህ ጽሑፍ ጥቂት የክርስትናና የታሪክ መጻሕፍትን በስማቸው እየጠራን እናመሰግናለን፤ ደግሞም ክርስቲያን እንዴት አድርጎ ሊያነባቸው እንደሚገባው እንናገራለን። መልካም መጽሐፍ በክፉ ልብ ቢነበብ ክፉ ፍሬ ያፈራልና። ዘመኑን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ስንጽፍ እ. ኤ. አ. እንላለን፤ እንደ አገራችን አቆጣጠር ሲሆን ግን ዓ. ም. እንላለን።

፩. ቅዱሳን ሰዎች አንባብያን እንደ ነበሩ

ሐዋርያው ጳውሎስ የሞቱ ቀን እንደ ቀረበ አውቆ በወኅኒ ሳለ ወደ ጢሞቴዎስ ሁለተኛውን መልእክት ጻፈ። በመጨረሻው ምዕራፍ ሲለምን እናገኘዋለን፤ የለመነውም ልብሱንና መጻሕፍቱን ነው። ልብሱን የፈለገው ክረምት ስለ ቀረበ ነው እንበል፤ መጻሕፍቱን ግን ለምን ፈለገ? ወንጌልን በብዙ አገር የሰበከ፥ ራእይም ያየ ሰው፥ ዕድሜው ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው ገና ሊያነብ ይወዳል። እንግዲህ «እኔ መንፈስ ቅዱስ አለኝ፥ መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ወንድም ከሐዋርያው እበልጣለሁ እንዳይል ይጠንቀቅ።

በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ የኢትዮጵያ ስም ከአንድ አንባቢ ጋራ ተጽፎ ይገኛል። ያ የንግሥቲቱ ሹም በሠረገላው ላይ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ሹም ስለ ሆነ የማላውቀው ነገር የለም አላለም፤ በእግሩ የመጣውን ፊልጶስን ወደ ሠረገላው አውጥቶ ጠየቀው እንጂ። እርሱ የሚያነበውን መረጠ፥ ያልገባውንም ጠየቀ፥ የተረዳውንም ሳይውል ሳያድር አደረገ፤ ውኃ ባየ ጊዜ ተጠምቋልና። የክርስቲያን ንባብ ሥርዓት ሁሉ በእነዚህ በሦስቱ ነገሮች ይጠቀለላል።

በዚያው መጽሐፍ በ19ኛው ምዕራፍ ደግሞ በኤፌሶን ያመኑ ሰዎች የአስማታቸውን መጻሕፍት አምጥተው በሕዝብ ፊት አቃጠሉ፤ ዋጋውም 50 ሺህ ብር ሆኖ ተገኘ። አንዱ አማኝ መጻሕፍት ይምጡልኝ ይላል፥ ሌላው አማኝ መጻሕፍቱን ያቃጥላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስለዚህ መጽሐፍ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ልብ ያስፈልጋል።

፪. የመጀመሪያው መጽሐፍ

ከሁሉ የሚቀድመው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል፤ ነገር ግን ይህ መጽሐፍ በምን ድካም ወደ እጃችን እንደ መጣ የሚያውቅ ጥቂት ነው። አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በግብፅ አገር በካይሮ ከተማ ተቀምጦ፥ አሰሊን የተባለ የፈረንሳይ ቆንሲል እየረዳው፥ አሥር ዓመት ያህል ደክሞ መላውን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መለሰው። የእጅ ጽሑፉን በ1820 እ. ኤ. አ. ዊልያም ጆዌት የተባለ ሚሲዮናዊ ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፥ አዲስ ኪዳን በ1829፥ መላው መጽሐፍ በ1840 እ. ኤ. አ. ታተመ። አቡ ሩሚ ግን የሥራውን ፍሬ ታትሞ ሳያይ በካይሮ ሞተ። እኛ በአንድ ቀን ገዝተን በመደርደሪያ ላይ አቧራ የምናለብሰውን መጽሐፍ እርሱ በአሥር ዓመት ጻፈው።

በወላይትኛ ቋንቋም የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል በ1934 እ. ኤ. አ. ታተመ፤ አዲስ ኪዳን በ1981፥ መላው መጽሐፍ በ2002 እ. ኤ. አ. ተፈጸመ። ከመጀመሪያው ክፍል እስከ ፍጻሜው 68 ዓመት አለፈ ማለት ነው። በዚህ ዘመን መካከል የኖሩት ብዙዎች መላውን መጽሐፍ በእናታቸው ቋንቋ ሳያዩ አረፉ። ስለዚህ አማርኛም ወላይትኛም የምታነብ ልጅ ሆይ፥ በከተማ ያለህን እውቀት ለራስህ ብቻ አታድርገው፤ ማታ ማታ ማንበብ ለማይችሉ ለአባትህና ለእናትህ በሚሰሙት ቋንቋ አንብብላቸው።

፫. የራሳችን አባቶች ታሪክ

ሁለተኛ የምናመሰግነው በወላይታ ወንጌል እንዴት እንደ ተዘራ የሚናገሩትን መጻሕፍት ነው። የሱዳን ኢንቴርየር ሚሲዮን ሰዎች በ1928 እ. ኤ. አ. ወደ ሶዶ መጡ፤ የመጀመሪያዎቹም አማኞች በ1933 እ. ኤ. አ. ተጠመቁ። ከዚያ በኋላ ኢጣልያ አገሩን ስለ ያዘ ሚሲዮናውያን በ1937 እ. ኤ. አ. ወጡ። ያን ጊዜ በወላይታ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ጠላት ከተባረረ በኋላ ሚሲዮናውያን ቢመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚደርሱ አማኞች አገኙ። በእነዚያ ዓመታት መካከል ዋንዳሮን የመሰሉ ወንድሞች ስለ እምነታቸው ተገርፈዋል፥ ታስረዋልም።

ይህን ታሪክ ሬይመንድ ዴቪስ በ1966 እ. ኤ. አ. በእንግሊዝኛ አሳትሞታል፤ የመጽሐፉም ስም ሲተረጐም «እሳት በተራሮች ላይ» ይሆናል። ፒተር ኮተሬልም በ1973 እ. ኤ. አ. «በእኩለ ሌሊት የተወለደ» የሚል ትርጓሜ ያለውን መጽሐፍ ጽፏል። ከዚህ በኋላ ፖል ባሊስኪ በ2009 እ. ኤ. አ. ስለ ወላይታ ወንጌላውያን ከ1937 እስከ 1975 ያለውን ዘመን መርምሮ አወጣ፤ በዚያው ዓመትም ጥበበ እሸቴ ስለ ኢትዮጵያ ወንጌላዊ እንቅስቃሴ ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። እንግሊዝኛ የምታነቡ ተማሪዎች ሆይ፥ እነዚህን አራቱን አንዱን ከሌላው ጋራ እያስተያያችሁ አንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሚሲዮናዊ ዓይን የታዩ ናቸው፤ የኋለኞቹ ግን ከአገሩ ሰው አፍ የተሰማውንና በምርመራ የተገኘውን ይጨምራሉ።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? መላውን መጽሐፍ በቋንቋቸው ያላገኙ፥ ብዙዎቹም ፊደል ያልቈጠሩ ገበሬዎች፥ በሰሙት በጥቂቱ ቃል ጸንተው ቆሙ፤ ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ፥ ወደ አሪም በእግራቸው ሄደው አስተማሩ። እኛ ዛሬ መጽሐፍ አልጐደለንም። በጥቂት መጽሐፍ ብዙ ያደረጉት አባቶቻችን በብዙ መጽሐፍ ምንም በማናደርገው በእኛ ላይ እንዳይመሰክሩብን እንፍራ።

፬. የመንገደኛው ታሪክና «ወዳጄ ልቤ»

ሦስተኛ የምናመሰግነው ጆን በንያን የጻፈውን የክርስቲያን መንገደኛ ታሪክ ነው። በንያን የቆርቆሮና የብረት ዕቃ እየጠገነ የሚኖር ድኻ ነበረ። መንግሥት ሳይፈቅድለት ስለ ሰበከ ከ1660 እስከ 1672 እ. ኤ. አ. 12 ዓመት ታሰረ። መጽሐፉ በ1678 እ. ኤ. አ. ታተመ፤ ወደ አማርኛም ገብረ ጊዮርጊስ ተርፌ መልሶት በ1892 እ. ኤ. አ. በምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ወጣ። የመጽሐፉ ነገር አንድ ሰው የኃጢአቱን ሸክም ተሸክሞ ከጥፋት ከተማ ወጥቶ ወደ ሰማያዊት ከተማ እስኪደርስ ድረስ በመንገድ የደረሰበት ፈተና ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸክላ ሠሪዋን፥ ቆዳ ፋቂውን ከሰው ዝቅ አድርጎ ማየት የቆየ ልማድ ነው። ከእነርሱ ጋራ ለመብላትና ለመጋባት የሚጸየፍ አለ። ነገር ግን በዓለም ሁሉ ክርስቲያኖች ሲያነቡት የሚያለቅሱበትን መጽሐፍ የጻፈው በዚያ ሙያ የሚኖር ሰው ነው። የበንያንን መጽሐፍ እያመሰገነ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ የሚንቅ ሰው መጽሐፉን አላነበበውም፤ ገጹን ገለጠ እንጂ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ. ም. ያሳተሙት «ወዳጄ ልቤ» ይህን መንገደኛ ይመስላል። ሰው ከልቡ ጋራ እየተነጋገረ በዓለም ውስጥ ሲጓዝ ያሳያል። አማርኛው የጠራ ነው፤ መጽሐፉም አጭር ስለ ሆነ ማንበብ ለጀመረ ሰው አይከብደውም። እኚህ ሰው የሚሲዮን ልጅ አልነበሩም፤ በአገራችን በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሊቅ ነበሩ። እውነተኛ ምክር ከየትም ቤት ቢመጣ ክርስቲያን አመስግኖ ይቀበለዋል።

፭. ባሪያ ሆነው መጽሐፍ የሰጡን

አራተኛ የምናመሰግነው ጉስታቭ አሬን በ1978 እ. ኤ. አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመውን፥ ስለ ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ወንጌላውያን የሚናገረውን መጽሐፍ ነው። በዚያ የኦኔሲሞስ ነሲብን ታሪክ ታገኛላችሁ። እርሱ በልጅነቱ ተሰርቆ ተሸጠ፤ በ1870 እ. ኤ. አ. በምፅዋ ነፃ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮን ተማረ። ስሙንም ጳውሎስ ወደ ፊልሞና ከጻፈለት ከኦኔሲሞስ ወሰደ። እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ገኖ እየረዳችው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ እርሱም በ1899 እ. ኤ. አ. ታተመ። እነዚህ ሁለቱ የሸጧቸውን ሰዎች ስም እየጠሩ ሲረግሙ አልኖሩም፤ ወደ ወገናቸው መጽሐፍ ይዘው ተመለሱ እንጂ። ከእነርሱ ወደ ታሪክ መጻሕፍት እንሻገር፤ የሚቀጥለው ነገር የእነርሱን ልብ ይፈልጋልና።

፮. ክርስቲያን ታሪክን ለምን ያነባል?

«የዓለም ታሪክ ለክርስቲያን ምን ይረባዋል?» የሚሉ አሉ። በመጽሐፈ አስቴር በ6ኛው ምዕራፍ የምናገኘው ነገር ይመልስላቸው። ንጉሡ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ የዘመኑን ታሪክ መጽሐፍ እንዲያነቡለት አዘዘ። በዚያ መርዶክዮስ የንጉሡን ሕይወት እንዳዳነ፥ ዋጋውንም እንዳልተቀበለ ተጽፎ ተገኘ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ የሐማ ምክር ይፈርስ ጀመረ። ጸሐፊው እውነቱን ባይጽፍ ኖሮ፥ ንጉሡም ባይሰማ ኖሮ፥ መርዶክዮስ በተተከለለት ግንድ ላይ በተሰቀለ ነበር።

ለአገራችን ታሪክ አቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያለውን፥ የቀደመውንም ዘመን በልዩ ልዩ መጻሕፍት ጽፈዋል። የአማርኛቸው አካሄድ ቀና ስለ ሆነ ተማሪ በእነርሱ ቢጀምር ይጠቀማል። ከእነርሱ ቀጥሎ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ታሪክ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ያሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን በምክንያትና በማስረጃ ያስተምራል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የታሪክን ሕግ ለማወቅ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ጽሑፍ አንብቡ። በምንኩሉ በስዊድን ሚሲዮን የተማሩት እኚህ ሰው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለውን ጽሑፍ በ1912 እ. ኤ. አ. በአስመራ አሳተሙ። በዚያም አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የጻፉትን መጽሐፍ አንዱን ንጉሥ ከመጠን በላይ ስላመሰገነ፥ ሌላውንም ስላዋረደ ነቀፉት። ታሪክ ጸሐፊ በፍርዱ እንዳያዳላ አጥብቀው አስተማሩ። ይህ ምክር ለጸሐፊ ብቻ አይደለም፤ ለአንባቢም ነው።

፯. የሚያቈስል ታሪክ እንዴት ይነበባል?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። በ1887 ዓ. ም.፥ ይኸውም በ1894 እ. ኤ. አ.፥ የምኒልክ ጦር ወደ ወላይታ ዘመተ። ንጉሥ ጦና ቈስለው ተያዙ፤ ብዙ ሰው ሞተ፥ ብዙም ተማረከ። ይህን ዘመቻ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በቤተ መንግሥት በኩል ሆነው በምኒልክ ታሪክ ውስጥ ጽፈውታል፤ መጽሐፉም በ1959 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በአማርኛ ታተመ። ደግሞ ቫንደርሃይም የተባለ ፈረንሳዊ ከዘመቻው ጋራ ሄዶ ያየውን በ1896 እ. ኤ. አ. በፓሪስ አሳትሟል።

አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሲያነቡ ደማቸው ይፈላል፤ ከገበያ ዕቃ የሚሸጥላቸውን የሌላ አገር ሰው ልጅ፥ አያቱ ባደረገው ወይም ባላደረገው ነገር፥ በክፉ ዓይን ያዩታል። ሌሎች ደግሞ «ያለፈ አልፏል፥ ባናነሣው ይሻላል» ብለው መጽሐፉን ይዘጉታል። ሁለቱም የክርስቶስ መንገድ አይደለም። ያልታወቀ ዕዳ ይቅር አይባልም። ጌታችን ስለ ክፉው ባሪያ በተናገረው ምሳሌ ጌታው ዕዳውን አስቀድሞ ቈጠረው፥ ከዚያ በኋላ ማረው። ዕዳውን ሳይቈጥር «ትቼልሃለሁ» የሚል ሰው ምን እንደ ተወ አያውቅም፤ ቈጥሮም የማይምር ከክርስቶስ ትምህርት ውጭ ነው። ታሪክ ይቈጥራል፤ ወንጌል ይምራል። ስለዚህ ክርስቲያን ሁለቱን መጻሕፍት በአንድ ቤት ያኖራል።

ደግሞም የራሳችንን ዕዳ እንቍጠር። ጦር ሳይመጣብን በፊት በወላይታ ምድር ባሪያ ይገዛና ይሸጥ ነበር። ሸክላ ሠሪውን የናቅነው ሌላ ሰው አስገድዶን አይደለም። የበደሉንን በቀይ ቀለም፥ የበደልናቸውን ግን በውኃ የምንጽፍ ከሆነ ታሪክን አላነበብንም። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ነገር መምህራችን ነው፤ የዳዊትን ዝሙትና ነፍስ መግደል አልሸሸገም፥ የጴጥሮስንም ክህደት በአራቱ ወንጌላት አስቀመጠው። የእግዚአብሔር ሕዝብ የገዛ አባቶቹን ኃጢአት ጽፎ ለልጆቹ ያነብባል። እንዲህ የሚያደርግ ሕዝብ ንስሐ መግባት ይችላል።

፰. የአንባቢ ሥነ ምግባር

እንግዲህ ይህን ጥቂት ሥርዓት ጠብቁ።

የቀኑን ንባብ በጸሎትና በመጽሐፍ ቅዱስ ጀምሩ። ጊዜ የለንም አትበሉ፤ በቀን አራት ገጽ ብቻ የሚያነብ ሰው በዓመት 1,460 ገጽ ይፈጽማል። በተራ ለማንበብ ለሚፈልግ በሉቃስ ወንጌልና በሐዋርያት ሥራ ይጀምር፤ ቀጥሎ «ወዳጄ ልቤ»ን፥ የመንገደኛውንም ታሪክ፥ ከዚያ የወላይታን አማኞች ታሪክ፥ በኋላም የአገሩን ታሪክ ያንብብ።

ክርክር ያለበትን ነገር ስታነቡ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምታችሁ አትፍረዱ። በሽምግልና ከሳሽን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሽማግሌ ይነቀፋል፤ አንባቢም እንዲሁ ነው። በእጅ ስልክ የሚመጣውንም ጽሑፍ ማን እንደ ጻፈው፥ መቼም እንደ ተጻፈ ሳታውቁ ለሌላ አታስተላልፉ። ሐሰትን የጻፈና ሐሰትን ያዳረሰ ወንድማማቾች ናቸውና።

የተዋሳችሁትን መጽሐፍ በንጽሕና ይዛችሁ በቀኑ መልሱ። የሰውን መጽሐፍ አስቀርቶ ስለ ቅድስና የሚያነብ ሰው በራሱ ላይ ይስቃል። ያላችሁንም አበድሩ፤ የተቈለፈ መጽሐፍ ለምስጥ እንጂ ለሰው አይጠቅምም።

ባነበባችሁት አትታበዩ። ፊደል ያልቈጠሩትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በጉባኤ መካከል አታሳፍሩ። እነርሱ ያላነበቡትን ታሪክ በገዛ ሰውነታቸው አልፈውበታል፤ ከእግራቸው በታች ተቀምጣችሁ ጠይቋቸው፥ የነገሯችሁንም ከስሙና ከዘመኑ ጋራ ጻፉ። ነገ የሚነበበው ታሪክ ዛሬ ካልተጻፈ ከእነርሱ ጋራ ይቀበራል።

በመጨረሻም መጽሐፉን ስትዘጉ አንድ ሥራ ሥሩ። የበንያንን ያነበበ የተናቀውን ጐረቤቱን በማዕዱ ያስቀምጥ። የኦኔሲሞስን ያነበበ ለአንድ ልጅ ፊደል ያስተምር። የ1887ን ዘመቻ ያነበበ ቂም ወደ ያዘበት ሰው ሄዶ ሰላም ይበለው። ያ የንግሥቲቱ ሹም አንብቦ በተረዳ ጊዜ ሠረገላውን አቁሞ ወደ ውኃ ወረደ፤ ከዚያም መንገዱን ደስ እያለው ሄደ። የመልካም ንባብ ፍጻሜው ይህ ነው።

መጻሕፍትን እንዲጽፉ ለአባቶቻችን ጥበብን የሰጠ፥ እኛንም እንድናነብ ዓይንንና ልብን የሰጠ እግዚአብሔር፥ ያነበብነውን ወደ ፍቅር ሥራ ይለውጥልን። ለእርሱ ክብር ለዘላለም ይሁን። አሜን።